ሳይፈትሹ መነሣት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)




ለዛሬው ምሽት እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ስለ አይሮፕላን አደጋ» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለ አደጋ ሁሉ እንናገር ብንል የምሽቱም ሰዓት፣ የማኅበሩም ወረቀት አይበቃንም። ስለዚህ ከብዙው መካከል አንዱን ብቻ መርጠናል። ይኸውም አይሮፕላን ከመሬት ሲነሣ የሚደርሰው፣ ነገር ግን ምክንያቱ ገና በመሬት ላይ ቆሞ ሳለ በዓይን ሊታይ፣ በእጅ ሊዳሰስ ይችል የነበረው አደጋ ነው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፤ ጅግጅጋ በአይሮፕላን የምትጠቀም ከተማ ናት። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ በሽተኛም ሆነ ነጋዴ መንገዱ ረጅም ነው፤ ወደ ጎዴና ወደ ቀብሪ ደሃር ለሚወርድ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይደክማል። የእርዳታ ሠራተኞችን ይዘው የሚመላለሱ ትናንሽ አይሮፕላኖችም ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደሉም። ከእኛው መካከልም አብራሪ ወይም የአይሮፕላን መካኒክ ለመሆን የሚመኙ ጥቂቶች አይደሉም። ሁለተኛ፤ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚገኘው ትምህርት ለአብራሪ ብቻ የሚሆን አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነን «ታይቷል፤ ደኅና ነው» ብለን እንፈርማለንና፣ ፊርማ ምን ማለት እንደ ሆነ ከአሁኑ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ነገሩን ከሀገራችን ታሪክ እንጀምር። እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውም አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተከበረ። ለበዓሉ ከየአገሩ እንግዶች ይጠበቁ ስለ ነበረ፣ አዲሶቹ አይሮፕላኖች በሰማይ ላይ እንዲታዩ ልምምድ ይደረግ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሁበርት ጁልያን የሚባል ሰው ነበር። ትውልዱ ትሪኒዳድ ነው፤ በኒው ዮርክ ከተማ በሃርለም ሰፈር ላይ በ1923 እ.ኤ.አ. በፓራሹት ከወረደ በኋላ «የሃርለም ጥቁር ንስር» ተብሎ ስሙ ገንኖ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በንጉሡ ፊት ከአይሮፕላን በፓራሹት ስለ ወረደ፣ የኮሎኔልነት ማዕረግና ኢትዮጵያዊ ዜግነት ተሰጠው። በነጭ መንግሥታት ተከብባ ራሷን ችላ ወደ ቆመች አገር፣ ከባሕር ማዶ ጥቁር አብራሪ መምጣቱ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ከነበሯቸው አይሮፕላኖች መካከል እጅግ የሚወዷት አንዲት ጂፕሲ ሞዝ ነበረች። ጂፕሲ ሞዝ ዴ ሃቪላንድ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራት፣ አካሏ የእንጨት፣ ክንፎቿ ድርብና ጨርቅ የለበሱ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀላል አይሮፕላን ናት። ከዘውዱ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በልምምዱ ወቅት፣ ጁልያን ሳይፈቀድለት ይህችን አይሮፕላን አስነሥቶ በረረ። ነገር ግን ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ አይሮፕላኗ ቁልቁል ወርዳ ባሕር ዛፍ ላይ ወደቀችና ተሰባበረች። ጁልያን በሕይወት ተረፈ። ከዚህ በኋላ ግን ከኢትዮጵያ እንዲወጣ ታዘዘ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነበር? በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን ጁልያን የአይሮፕላኗን ጠባይ ሳያውቅ፣ ለመታየት ብሎ ተነሣ ይላል። ጁልያን ራሱ ግን፣ ያስጠላሁት ሰው አይሮፕላኗን ሆን ብሎ አበላሽቶብኝ ነው እያለ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። የነጮቹ አብራሪዎች በእርሱ መምጣት ደስ እንዳልተሰኙ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቃሉን የሚያምኑለትም አሉ።

ፍርዱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና እኛ ግን ነገሩን በሌላ በኩል እንየው። የመጀመሪያው ወገን ያለው እውነት ነው እንበል። እንዲህ ከሆነ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባውን ሳያደርግ ተነሥቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ወገን ያለው እውነት ነው እንበል። እንዲህም ከሆነ፣ ጠላት ባለበት ቦታ የቆመን አይሮፕላን ሳይፈትሽ፣ ሞተሩንም መሬት ላይ በሙሉ ጉልበት አሠርቶ ሳያዳምጥ የሚነሣ አብራሪ ለጠላቱ ሥራውን አቀለለለት ማለት ነው። እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው ከአንድ ቦታ ነው። የሌላው ሰው ክፋት የእኛን ፍተሻ ያጠብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። «ሰው አበላሸብኝ» የሚል ክስ ለፍርድ ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ በአየር ላይ ላለ ሰው ግን አይጠቅመውም።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ቀጭን ነው፤ እንደ ጂፕሲ ሞዝ ያለ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፉም በቀጭን አየር ላይ የሚደገፈው በበለጠ ፍጥነት ነው። በባሕር ዳርቻ ሳር እንደ ነካች ብድግ የምትል አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ረጅም ሜዳ ትጠይቃለች፤ ከተነሣችም በኋላ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ይህን ከመነሣቱ በፊት ያላሰላ አብራሪ፣ አይሮፕላኑ ምንም ብልሽት ባይኖርበትም ዛፍ ይጠብቀዋል።

ይህ ሂሳብ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ጅግጅጋ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ከካራማራ ተራራ ማዶ ያለው ሜዳ ሰፊና ገላጣ ስለ ሆነ ለዓይን የዝቅተኛ አገር ይመስላል እንጂ ከፍ ያለ አገር ነው። ጧት ብርዱ ቆንጠጥ ሲያደርግ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ ይሳሳል፤ በተለመደው የአብራሪዎች ስሌት፣ አይሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ 1,600 ሳይሆን ወደ 2,450 ሜትር የሚጠጋ ነው። ይህ ማለት ጧት በ1 ሰዓት ጭነቱን ይዞ በደኅና የተነሣ ትንሽ አይሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ ከዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው አብራሪ እጅ፣ በ7 ሰዓት ላይ ሊነሣ አይችል ይሆናል ማለት ነው። አይሮፕላኑ አልተለወጠም፤ ሜዳውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዓይን የማይታየው አየር ነው። ስለዚህ ሙቀቱን መለካትና የሜዳውን ርዝመት ማስላት ከፍተሻው አንዱ ክፍል ነው።

በዚህ ሜዳ አይሮፕላን ማረፍ የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ ግራዝማች አፈወርቅ በቆራሄ ቆስለው ከሞቱ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የምሥራቁን ጦር ለማየት ወደ ጅግጅጋ የመጡት በአይሮፕላን ነው። ዛሬ ደግሞ የከተማዋ አይሮፕላን ማረፊያ በጥንቱ ገዥ በገራድ ዊልዋል ስም ይጠራል።

በዚያው ዘመን፣ ከዚህ እጅግ ርቆ በአሜሪካ አገር የሆነውን ደግሞ እንመልከት። በጥቅምት 30 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴይተን ከተማ አጠገብ፣ የቦይንግ ኩባንያ «ሞዴል 299» የተባለ ባለ አራት ሞተር አዲስ የጦር አይሮፕላን ለአሜሪካ ጦር ሊያሳይ ነበር። ይህ እንደ ጂፕሲ ሞዝ ቀላል አይሮፕላን አይደለም፤ በዘመኑ ግዙፍ ነበር። አብራሪው ሻለቃ ፕሎየር ሂል ይባላል፤ በሥራው የታወቀና የተመሰከረለት ሰው ነው። የቦይንግ ዋና የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወርም አብሮት ነበር። አይሮፕላኑ ተነሥቶ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ከወጣ በኋላ፣ ፍጥነቱን አጥቶ ወደቀና ተቃጠለ። ሂልና ታወር ሞቱ።

ምርመራ ሲደረግ ሞተሮቹ ደኅና ነበሩ። ክንፉም ደኅና ነበረ። ነገሩ እንዲህ ነው። አይሮፕላን በሜዳ ላይ ሲቆም፣ ነፋስ የጅራቱንና የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እያወዛወዘ እንዳይሰብራቸው ይቆለፋሉ። ይህ የነፋስ ቁልፍ ከመነሣት በፊት መፈታት አለበት። በዚያን ቀን አልተፈታም። እነዚያ ሁሉ አዋቂዎች የተቀመጡበት አይሮፕላን ጅራቱ እንደ ታሰረ ነው የተነሣው።

ብዙ ሰዎች «ይህ አይሮፕላን ለአንድ ሰው አእምሮ ከሚገባው በላይ የተወሳሰበ ነው» አሉ። አብራሪዎቹ ግን ሌላ መፍትሔ አገኙ። ረጅም ሥልጠና አልጨመሩም፤ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፉም። በአንዲት ወረቀት ላይ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚታየውን ሁሉ በተራ ቁጥር ጻፉ። ዛሬ በዓለም ላይ ማንኛውም አብራሪ የሚይዘው የፍተሻ ዝርዝር በዚህ መንገድ የተስፋፋ ነው። ያ «የተወሳሰበ» የተባለው አይሮፕላንም ቢ 17 ተብሎ ከ12,000 በላይ ተሠርቷል።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የፍተሻ ዝርዝር የተሠራው ለማያውቅ ሰው አይደለም። የተሠራው አውቆ ለሚረሳ ሰው ነው። የሚረሳ ሰው ደግሞ ሁላችንም ነን።

አሁን ፍተሻው ራሱ ምን እንደሚመስል በአጭሩ እንናገር። የትንሽ አይሮፕላን አብራሪ ከመግባቱ በፊት አይሮፕላኑን አንድ ጊዜ በእግሩ ይዞራል። ከየነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር ጥቂት ነዳጅ በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ተቀምጦ ይታያል። ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ሙቀት በሆነበት አገር፣ በጎደለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው አየር ጤዛ ያወርዳልና ይህ ቸል አይባልም። የነዳጁን ልክ በመለኪያው ሰሌዳ ብቻ አምኖ አይተውም፤ ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ ከዚያም ክዳኑን መልሶ ያጠብቃል። የሞተሩን ዘይት በዘንጉ ይለካል። የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በእጁ እያነሣና እያወረደ ያያል። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የፊት መዘውሩን በመዳፉ ይዳስሳል። ፍጥነትን የሚለካው ቀጭን ቱቦ ክዳኑ መነሣቱን፣ ውስጡም መጥራቱን ያረጋግጣል።

ስለዚህ ቱቦ አንድ ነገር እንናገር። በየካቲት 6 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በዶሚኒካን ሪፑብሊክ አንድ ቦይንግ 757 ከተነሣ በኋላ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። አይሮፕላኑ ለብዙ ቀናት ሳይበር ቆሞ ነበር፤ ቱቦውም ክዳን አልተደረገለትም። መርማሪዎቹ እንደ ገመቱት፣ ጭቃ ሠሪ ተርብ ቱቦው ውስጥ ጎጆዋን ሠርታ ስለ ደፈነችው አብራሪዎቹ ትክክለኛውን ፍጥነት ማወቅ ተሳናቸው። ከሁለት ክንድ የማይበልጥ ጨርቅ ስላልተሸፈነ ይህን ያህል ሕይወት ጠፋ። በእኛ አገር ተርብ የሌለበት ጣሪያ የለምና ነገሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገንም።

ከዚህ በኋላ አብራሪው ገብቶ ይቀመጣል፤ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ያንቀሳቅሳል። ሞተሩን አስነሥቶ ያሞቃል፤ ሁለቱን ማግኔቶዎች በየተራ እያጠፋ ድምፁን ያዳምጣል። የሰውንና የዕቃን ክብደት ይደምራል፤ ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈም ያያል። ይህ ሁሉ አንድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ክብደት የት ላይ እንዳረፈ ማየት ስንል ለዚህ አገር ልጅ አዲስ ነገር አንናገርም። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤቱን ነቅሎ ምሰሶውንና ምንጣፉን በግመል ሲጭን፣ ግመሉን ከማስነሣቱ በፊት በቀኝም በግራም ዞሮ ገመዱን ይስባል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ያያል። ፊደል የቆጠረ ይሁን ያልቆጠረ ይህን አይተውም። ጭነት በመንገድ ላይ ቢፈታ በበረሃ ላይ ምን እንደሚያመጣ አባቱ አሳይቶታልና ነው። የአይሮፕላን ፍተሻ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ፣ ሰው ስለምን ይተወዋል? ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ።

በታኅሣሥ 13 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኤቫንስቪል ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለጨዋታ ሊሄድ ዲሲ 3 በተባለ አይሮፕላን ተሳፈረ። ዲሲ 3 እኛ የምናውቀው አይሮፕላን ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከእርሱ ጋር አንድ ዘር በሆነው ሲ 47 ነው። የዚያ ቡድን አይሮፕላን ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 29 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ሁለት ነገር ነው፦ ከውጭ በኩል የሚገጠሙት የነፋስ ቁልፎች በጅራቱ መሪና በቀኙ ክንፍ ላይ እንደ ተገጠሙ ነበሩ፤ ሻንጣውም ወደ ኋላ በዝቶ ተጭኖ ነበር። ከሞዴል 299 አደጋ 42 ዓመት በኋላ፣ የፍተሻ ዝርዝር በዓለም ሁሉ ከተስፋፋ በኋላ፣ ያው ቁልፍ እንደገና ሳይፈታ ቀረ። የሞቱት ተጫዋቾች በእኛ ዕድሜ የነበሩ፣ እንደ እኛ መጽሐፍና ልብስ በቦርሳቸው ይዘው የተሳፈሩ ተማሪዎች ነበሩ። ቁልፉን መፍታት የእነርሱ ሥራ አልነበረም።

ሁለተኛው በግንቦት 31 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ በቤድፎርድ የሆነው ነው። አንድ የግል ጄት አይሮፕላን የነፋስ ቁልፉ ሳይፈታ ለመነሣት ሮጦ ከሜዳው አልፎ ተቃጠለ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ የአይሮፕላኑን መዝገብ ወደ ኋላ ሲያዩ እነዚያ አብራሪዎች ቀደም ሲል ካደረጓቸው 175 በረራዎች ውስጥ መሪውን በሙሉ የፈተሹት በ2ቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ብዙ ዓመት የበረሩ ናቸው። የ173ቱ ቀን ስንፍና አልጎዳቸውም፤ እንዲያውም «ባይፈተሽም ምንም አይሆንም» ብሎ አስተማራቸው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ ልብ እንበል። ሳይፈትሹ መነሣት ሁልጊዜ ቢያስቀጣ ኖሮ ማንም አይተወውም ነበር። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳያስቀጣ ማለፉ ነው። ሰው ከዕድል የተበደረውን ደኅንነት እንደ ገዛ ችሎታው ይቆጥረዋል። «እስከ ዛሬ ምን ሆንን?» ይላል። በሰፈራችን፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን፣ በቤተ ሙከራችንም ይህን ቃል የማይሰማ ማን አለ?

ሌላም ምክንያት አለ። ሥራ በብዙ እጅ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያስባል። አብራሪው መካኒኩን፣ መካኒኩ ነዳጅ ቀጂውን፣ ነዳጅ ቀጂው አብራሪውን ያምናል። መተማመን መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሦስት ሰው ተማምኖ አንድም ሰው ካላየ፣ አይሮፕላኑ አልታየም። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት ፊርማ አለ።

አሁን የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ እነርሱንም ሳንመልስ አናልፍም። አንዳንዱ «ፍተሻ አደጋን ሁሉ አያስቀርም» ይላል። ልክ ነው። ጆን ሮቢንሰን የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ እናስታውስ። ሮቢንሰን አብራሪ ብቻ አልነበረም፤ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም መካኒክም ነበር። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በኢጣልያ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርቷል፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተምሯል። እርሱም ቢሆን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በትንሽ አይሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞተ። በሰማይ ላይ ከሰው እጅ በላይ የሆነ ነገር አለ። ነገር ግን የማናስቀረው አደጋ መኖሩ የምናስቀረውን እንድንተው ምክንያት አይሆነንም።

ሌላው «ጊዜ ያባክናል» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው አባቶቻችን መልሰውለታል። በመሬት ላይ የተገኘ ጥፋት የሚያስከፍለው ግማሽ ሰዓትና ጥቂት ሐፍረት ነው። ያው ጥፋት አንድ መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ሲገኝ ዋጋው ሌላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ይኸውም ይሉኝታ ነው። በእኛ አገር ታላቅን ሰው «አይተውታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለማመን ይመስላል። ታናሽ አብራሪ ታላቁን፣ ተማሪ መምህሩን፣ ተሳፋሪ ሾፌሩን ለመጠየቅ ያፍራል። ዝርዝሩ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ጥያቄውን የሚጠይቀው ወረቀቱ ነውና የሰው ክብር አይነካም። አንዱ ያነባል፤ ሌላው አይቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልናቀም፤ ማንም ማንንም አልፈራም።

ስለዚህ ንግግራችንን በምክር ብቻ አንጨርስም፤ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእኛ መካከል አይሮፕላን የሚያበር ዛሬ የለም። ነገር ግን ማኅበሩ ለጉብኝትም ለጨዋታም አውቶቡስ ይከራያል። አውቶቡሱ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የካራማራን ጠመዝማዛ ወጥቶ ይወርዳል፤ ከዚያም በባቢሌ በኩል ወደ ሐረር ያልፋል። ወደ ምሥራቅም ሲሄድ ወደ ቶጎ ውጫሌ ረጅም መንገድ አለ። እስከ ዛሬ ከመነሣታችን በፊት የምንቆጥረው ሰውን ብቻ ነው። ከእንግዲህ ግን በማኅበሩ ስም የሚነሣ ማንኛውም መኪና በዝርዝር እንዲፈተሽ እንጠይቃለን። ዝርዝሩ ከአሥር መሥመር አይበልጥም፦ የአራቱም ማዕዘን ጎማና የጎማው ብሎን፤ የእግርና የእጅ ፍሬን፤ መብራት፤ መጥረጊያ፤ ዘይትና ውሃ፤ የመለዋወጫ ጎማ፤ የእሳት ማጥፊያ፤ የበር መከፈትና መዘጋት፤ ጣሪያ ላይ የተጫነው ዕቃና የታሰረበት ገመድ፤ በመጨረሻም ሾፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ መሆኑ።

ሁለት ተማሪዎች ይመረጣሉ። ከሾፌሩ ጋር መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ከሾፌሩ ጋር ያያል፤ ያዩትን ብቻ ይፈርማሉ። ያላዩት መሥመር ላይ ፊርማ አይኖርም። ሾፌሩ ይቀየማል እንዳይባል፣ በአክብሮት «አብቲ፣ ከመነሣታችን በፊት ከእርስዎ ጋር አንድ ዙር እንዙር» ማለት ይበቃል። ሥራውን የሚያውቅ ሾፌር በዚህ የሚከፋ አይመስለንም፤ ይልቁንም ሳይነገረው ይዞር የነበረውን ዙር አጋር አገኘበት። የሚከፋው ካለ ደግሞ፣ ያ ራሱ ከአሥሩ መሥመር በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ በመሆኑም ነው የመረጥነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ድልድይ ይፈትሻል፤ አንዱ የመድኃኒት ልክ ያያል፤ አንዱም ምናልባት በገራድ ዊልዋል ሜዳ ላይ፣ በእኩለ ቀን ሙቀት፣ ከትንሽ አይሮፕላን ክንፍ ሥር ጎንበስ ብሎ ነዳጅ በብርጭቆ ይቀዳል። በዚያን ጊዜ የሚያስቸኩለው ብዙ ነው፤ ተሳፋሪው ቆሟል፤ አለቃው ሰዓቱን ያያል። እጁ ያኔ የሚታዘዘው ለለመደው ነገር ነውና፣ ልማዱን ዛሬ በአውቶቡስ ጎማ ላይ እንጀምረው።

ማኅበሩ ሐሳቡን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለድምፅ እንዲያቀርበው በትሕትና እንጠይቃለን።